ደብረ ብርሃን ላይ የቆሙ ሁለት ቢራ ፋብሪካዎች፦ የወገን ስሜት አክሲዮን ሲሆን

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የሰሜን ሸዋ ደጋ ከተማ ናት። ብርድ ልብስና የመንዝ በግ በተነሣ ቁጥር ስሟ አብሮ ይነሣል። ከ2007 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ የቢራ ከተማ ሆናለች። ሐበሻ ቢራ አክሲዮን ማኅበር የመጀመሪያ ምርቱን ያወጣው ከዚህ ነው፤ ዳሸን ቢራም ጎንደር ካለው ፋብሪካው ቀጥሎ ሁለተኛውን የተከለው እዚሁ ሲሆን ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው።

ሁለቱ በአንድ ከተማ መገኘታቸው ለአንድ ጥያቄ ጥሩ መመልከቻ ይሰጣል፦ ብሔርተኝነት፣ የአገርም ይሁን የክልል፣ ዘመናዊ የንግድ ድርጅት ውስጥ የት ድረስ ይዘልቃል? መልሳችንን ቀድመን እንናገር። ገንዘብ ለመሰብሰብ፣ ስም ለማውጣት፣ መሬትና ፈቃድ ለማግኘት ከእሱ የሚፈጥን ኃይል የለም። ድርጅቱን ማን ያዛል የሚለው ሲመጣ ግን በመመሥረቻ ጽሑፉና በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ የሰፈረውን ያህል እንጂ ከዚያ አልፎ አይሠራም። የብዙ ሺህ ባለአክሲዮኖች ቅሬታ ከዚህ የመነጨ ነውና ጉዳዩን በዝርዝር ማየት ይገባል።

ከኋላ የነበረው

ቢራ በኢትዮጵያ ከመንግሥታት መለዋወጥ ጋር ባለቤቱን ሲቀይር የኖረ ኢንዱስትሪ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1915 ዓ.ም. ተመሠረተ። ደርግ የማምረቻ ድርጅቶችን በአዋጅ ቁጥር 26/1967 በመንግሥት እጅ ሲያደርግ ጠማቂዎቹም አብረው ተወረሱ። ኢሕአዴግ መልሶ መሸጥ ሲጀምር እ.ኤ.አ. በ1998 ቅዱስ ጊዮርጊስ ለፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን ተላለፈ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሐረርና በደሌ በ163 ሚሊዮን ዶላር ለሃይኒከን፣ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ሜታ አቦ በ225 ሚሊዮን ዶላር ለዲያጆ ተሸጡ።

እንግዲህ ሐበሻ እ.ኤ.አ. በ2009 ተመሥርቶ አክሲዮን ለሕዝብ ማቅረብ ሲጀምርና በተከታዮቹ ዓመታት ነባሮቹ ፋብሪካዎች አንድ በአንድ ወደ ውጭ ድርጅቶች እየገቡ ነበር። «ቢራችን ከእጃችን ወጣ» ለሚል ሰው የአክሲዮን ቅጽ መሙላት ትርፍ ከመፈለግም በላይ ነበር። ባለአክሲዮኖቹ 8,000 ያህል የደረሱት በዚህ ስሜት ጭምር ነው።

ዳሸን በሌላ በር ነው የመጣው። ባለቤቱ ጥረት ኮርፖሬት የአማራ ክልል ሕዝብ ሀብት ተብሎ የተቋቋመ ኢንዶውመንት ነው፤ ሲመራም የኖረው በክልሉ ገዥ ፓርቲ ሰዎች ነበር። ሐበሻ አገራዊውን ስሜት በአክሲዮን ሸጠ፤ ዳሸን ክልላዊውን ስሜት ያለ አክሲዮን ተሸከመ። ሁለቱም በመጨረሻ የውጭ ባለሀብት አስገቡ። የገቡበት መንገድና ሕዝቡ ዘንድ የቀረው ነገር ግን ይለያያል።

ብር ተሰብስቦ ዶላር ሲጠፋ

የቢራ ፋብሪካ ወጪ አብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ነው። የብቅል መፍጫው፣ የማብሰያ ጋኖቹ፣ የማብላያ ታንኮቹ፣ ማቀዝቀዣው፣ የጠርሙስ ማጠቢያና መሙያ መስመሩ ሁሉ ከአውሮፓ ወይም ከቻይና ይገዛል። ሕዝብ አክሲዮን የሚገዛው በብር ነው። በእነዚህ ሁለት መካከል ያለው ክፍተት የብዙ አክሲዮን ማኅበራትን ዕድል ወስኗል።

በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የሆነውን እንውሰድ። ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ሲቀንስ አንድ ዶላር ከ13.6 ብር ወደ 16.35 ብር በአንድ ጊዜ ወጣ። በ10 ሚሊዮን ዶላር የታሰበ መሣሪያ ያለው ድርጅት 136 ሚሊዮን ብር ይበቃኛል ብሎ ካቀደ በማግስቱ 163.5 ሚሊዮን ያስፈልገዋል። አክሲዮን የሚሸጥ ድርጅት ዋናውን ገንዘብ እስኪያሟላ አንድ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሰበሰበው ብር ባንክ ተቀምጦ ይሟሟል። ብሩ ቢሞላ እንኳ የኤል.ሲ. (ባንክ ለውጭ ግዢ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና) ወረፋ አለ። አገር ወዳድ ባለአክሲዮን ሌላ 5,000 ብር ሊጨምር ይችላል፤ ዶላር ማምጣት ግን አይችልም።

ስለዚህ የውጭ ሸሪክ መግባቱ የአደራጆቹ ክህደት ተደርጎ መታየት የለበትም። ባቫሪያ የተባለው የሆላንድ ቤተሰብ ጠማቂ (ኋላ ስሙን ስዊንክልስ ፋሚሊ ብሩወርስ ያለው) ወደ ሐበሻ ሲገባ የውጭ ምንዛሪ፣ መሣሪያ የሚመርጥ ባለሙያና ከአቅራቢዎች ዘንድ የሚታመን ስም ይዞ ነው። መጀመሪያ የያዘው ድርሻ ከግማሽ በታች ነበር፤ በኋላ አብላጫውን ያዘ።

ይህ ለውጥ እንዴት እንደሚመጣ ብዙ ባለአክሲዮን አይረዳውም፤ የሆነ ሰው በድብቅ የሸጠበት ይመስለዋል። ማንም ምንም ሳይሸጥም ይደርሳል። ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ ናቸው። ዋናው ገንዘብ 400 ሚሊዮን ብር ይሁን፤ የአገር ውስጡ ባለአክሲዮን 240 ሚሊዮን (60 በመቶ)፣ የውጭው 160 ሚሊዮን (40 በመቶ) ያዙ እንበል። ፋብሪካው ሁለተኛ መስመር ሊተክል ተነሣና 300 ሚሊዮን ብር አዲስ አክሲዮን አወጣ። ሕጉ ለነባሮቹ የቅድሚያ መብት ይሰጣል፦ ለአገር ውስጦቹ 180 ሚሊዮን፣ ለውጭው 120 ሚሊዮን። የ1,000 ብር 20 አክሲዮኖች ያሏት የመሐል ሜዳ ነጋዴ ድርሻዋን ጠብቃ ለመቆየት 15,000 ብር መጨመር አለባት፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ያውም እስካሁን የትርፍ ድርሻ ሳታይ። አብዛኛው አይከፍልም። የአገር ውስጦቹ አንድ ሦስተኛውን፣ 60 ሚሊዮኑን ብቻ ቢገዙ ቀሪውን 120 ሚሊዮን የውጭው ሸሪክ ያነሣዋል። ያን ጊዜ ዋናው ገንዘብ 700 ሚሊዮን ነው፤ የውጭው 160 ሲደመር 240፣ ማለትም 400 ሚሊዮን፣ 57 በመቶ። የአገር ውስጡ 300 ሚሊዮን፣ 43 በመቶ። ማንም አክሲዮኑን ሳይሸጥ የበላይነቱ ተሻገረ።

በ1952ቱ የንግድ ሕግ አንድ ትኩረት የሚስብ ድንጋጌ ነበር፦ የአክሲዮን ማኅበሩን ዜግነት ለመቀየር የሁሉም ባለአክሲዮኖች ስምምነት ያስፈልጋል። ብዙዎች ይህ የሚጠብቃቸው ይመስላቸዋል። የሚጠብቀው ግን ድርጅቱ የተመዘገበበትን አገር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተመዘገበ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ኢትዮጵያ ውስጥ የሆነ ማኅበር ድርሻው 90 በመቶ የውጭ ቢሆንም በሕግ ፊት ኢትዮጵያዊ ነው። ስሙ «ሐበሻ» መሆኑም በዚህ ላይ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው የለም።

ትርፉም በድርሻ መቶኛ ብቻ አይወሰንም። የውጭ ሸሪክ አብዛኛውን ጊዜ የቴክኒክ አገልግሎት ወይም የሥራ አመራር ውል ይዞ ይመጣል፤ ክፍያውም ከተጣራ ሽያጭ ላይ በመቶኛ ይሰላል። ዓመታዊ ሽያጩ 1.5 ቢሊዮን ብር በሆነ ድርጅት 3 በመቶ ማለት 45 ሚሊዮን ብር ነው። ያለዚህ ክፍያ ትርፉ 150 ሚሊዮን ይሆን ከነበረ 30 በመቶው የትርፍ ድርሻ ከመከፋፈሉ በፊት ወጣ ማለት ነው። ባለአክሲዮኖች በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ስለ ባለቤትነት መቶኛ ለሰዓታት ሲከራከሩ ይህ ውል ሳይነሣ ይቀራል። መጠየቅ የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ቢሆን እሱ ነው።

ባለቤቱ «ሕዝቡ» ሲሆን

በዳሸን በኩል የእንግሊዙ ዱዌት ግሩፕ እ.ኤ.አ. በ2012 በ90 ሚሊዮን ዶላር አብላጫውን ድርሻ ወሰደ፤ ጥረት ቀሪውን ያዘ። የደብረ ብርሃኑ ፋብሪካ በዓመት 2 ሚሊዮን ሄክቶሊትር (አንዱ 100 ሊትር ነው) ማምረት እንዲችል ሆኖ የተተከለው ከዚህ በኋላ ነው። ከሐበሻ የመነሻ አቅም፣ ከ300,000 ሄክቶሊትር ጋር ሲነጻጸር ስፋቱ ይታያል። በፍጥነት ረገድ የኢንዶውመንቱ መንገድ አሸንፏል፦ 8,000 ሰው መሰብሰብ፣ ጉባኤ መጥራት፣ ማስረዳት የለም። ቦርዱ ይወስናል፣ ይፈጸማል።

ድክመቱም ከዚያው ይነሣል። የሀብቱ ባለቤት የአማራ ሕዝብ ነው ሲባል አንድም የአማራ ገበሬ በጉባኤ ድምፅ አይሰጥም፣ ሒሳብ አይመረምርም፣ ድርሻዬን ልሽጥ አይልም፣ የቦርድ አባል አያወርድም። በፓርቲውና በድርጅቱ መካከል መለያ ግድግዳ ስለሌለ ሕዝቡ በፓርቲው ሲቆጣ ቁጣው ጠርሙሱ ላይ ያርፋል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ተቃውሞ ሲቀጣጠል ዳሸንን አንጠጣም የሚል ጥሪ የተሰራጨው በክልሉ በራሱ ውስጥ ነው። ድምፅ የሚሰጥበት ጉባኤ የሌለው ባለቤት በግሮሰሪ ጠረጴዛ ላይ ድምፁን ሰጠ። በጥር 2011 ደግሞ ሁለት የቀድሞ የጥረት ከፍተኛ ኃላፊዎች፣ ሁለቱም የታወቁ ፖለቲከኞች፣ ታስረው በ2012 ዓ.ም. ከጥረት ሀብት አስተዳደር ጋር በተያያዘ ጥፋተኛ ተብለው ተፈረደባቸው። ተጠያቂነቱ በኦዲትና በጉባኤ መምጣት ሲገባው በመንግሥት ለውጥና በፍርድ ቤት መጣ።

የመግዛት እምቢታ ቢራ ፋብሪካን የሚጎዳው በሽያጭ ብቻ አይደለም፤ በጠርሙስም ነው። 300,000 ሄክቶሊትር በሙሉ በ33 ሳንቲ ሊትር ጠርሙስ ቢሞላ በዓመት 91 ሚሊዮን ያህል ጠርሙስ፣ በ24 ሲደረደር 3.8 ሚሊዮን ሳጥን ይሆናል። ጠርሙሱ ተሸጦ፣ ተጠጥቶ፣ ታጥቦ ለመመለስ አንድ ወር የሚፈጅበት ከሆነ ፋብሪካው በዙሪያው 7.6 ሚሊዮን ጠርሙስ ይዞ መንቀሳቀስ ይችላል። ዑደቱ ሁለት ወር ከሆነ 15 ሚሊዮን ያስፈልገዋል። አንድ ከተማ መጠጣት ሲያቆም ወይም መንገድ ሲዘጋ ባዶው ጠርሙስ እዚያው ይቀራል፤ ሌላ ከተማ የሚሸጠውም ቢራ መሙያ ያጣል። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ደብረ ሲና ድረስ ሲደርስ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልሉ ግጭት መንገድ ሲቋረጥ በደብረ ብርሃን ያለ አምራች ሁሉ ያስተዋለው ይህንን ነው። ገበያውን በአንድ ወገን ስሜት ላይ ያቆመ ድርጅት የጠርሙስ ክምችቱን ከሌላው በ1.5 እጥፍ ቢይዝ አይጎዳም።

ስም፣ መለያና ማስታወቂያ

እዚህ ላይ ብዙ አንቆይም፤ የሚታየው ክፍል ነውና ሁሉም ያውቀዋል። ዋሊያ፣ ዳሸን፣ ሐበሻ፣ ራያ፣ ዘቢዳር፦ ተራራ፣ እንስሳ፣ ሕዝብ፣ አገር። ዋሊያን ያወጣው ሃይኒከን መሆኑን ልብ ይሏል፤ አገራዊ ስም ለማውጣት አገራዊ ባለቤት መሆን አያስፈልግም። በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 የመንግሥታትን ሰንደቅ ዓላማና ዓርማ ያለ ፈቃድ ምልክት አድርጎ ማስመዝገብ አይቻልም፤ የተራራና የዱር እንስሳ ስም ግን ክፍት ነው። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳል። ወሳኙ ነጥብ ምልክቱ በማን ስም ተመዝግቧል የሚለው ነው። በውጭው እናት ድርጅት ስም ከሆነ ፋብሪካው የገዛ ስሙን ተከራይ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ሲከለከል የዓድዋ ከበሮና የእስክስታ ማስታወቂያ ከስክሪን ጠፋ። ስሙና ጠርሙሱ ላይ ያለው ሥዕል ብቻቸውን ቀሩ፤ ስለዚህ የስሙ ዋጋ ከፍ አለ። አዲስ ገቢ ስም ማስለመድ ስለሚቸግረው ሕጉ ቀድመው የገቡትን ጠቅሟል።

ገብስ

የወገን ስሜት እውነተኛ ሥራ ሊሠራ የሚችልበት ቦታ ይህ ነው፤ በጥንቃቄ ካልተያዘም ሰው የሚያጣላው ይኸው ነው። «ገብሳችን ወደ ፋብሪካችን» የሚለው ተስፋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለባሶና ወራና፣ ለአንጎለላና ጠራ፣ ለሞጃና ወደራ፣ ለጣርማ በርና ለመንዝ ገበሬ ሲነገር ቆይቷል።

ስሌቱ ይኸውና። ሌላ የስኳር ምንጭ ካልተጨመረ አንድ ሄክቶሊትር ቢራ 16 ኪሎ ያህል ብቅል ይፈልጋል። 300,000 ሄክቶሊትር 4,800 ቶን ብቅል ነው። ገብስ ብቅል ሲሆን ክብደቱ በአንድ አምስተኛ ስለሚቀንስ 6,000 ቶን፣ ማለትም 60,000 ኩንታል ገብስ መግዛት ያስፈልጋል። ግማሽ ሄክታር የሚዘራና በሄክታር 20 ኩንታል የሚያገኝ ገበሬ 10 ኩንታል ያቀርባል፤ ስለዚህ 6,000 ገበሬ። ለ2 ሚሊዮን ሄክቶሊትር ደግሞ 400,000 ኩንታል፣ 40,000 ገበሬ። ይህ የአንድ ወረዳ ሥራ አይደለም፤ የዞን ዕቅድ ነው።

ችግሩ የሰሜን ሸዋ ገብስ ለምግብ የሚዘራ ገብስ መሆኑ ነው። ለበሶ፣ ለቆሎ፣ ለእንጀራ፣ ለጠላ ሲመረጥ የኖረ ነው። ብቅል ፋብሪካ ሌላ ነገር ይፈልጋል፦ ፕሮቲኑ ከ9 እስከ 11.5 በመቶ፣ እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች፣ ከመቶው ፍሬ 95ቱና ከዚያ በላይ የሚበቅል፣ ፍሬው ወጥና ደንዳና፣ ዝርያው ያልተቀላቀለ። ሆልከርንና ኢቦን-174ን የመሰሉ የቢራ ገብስ ዝርያዎች ለዚህ የወጡ ናቸው።

ሥራው የሚበላሽባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ገበሬው ሰብሉ እንዲያምርለት ዩሪያ ዘግይቶ ይጨምራል፤ ፕሮቲኑ ከልክ ያልፋል፣ ቢራው ይደፈርሳል። አጨዳ ላይ ዝናብ ሲመታው ፍሬው ማሳ ላይ ያጎነቁላል፤ የበቀለ ገብስ ዳግም አይበቅልምና ለብቅል አይሆንም። ከጥቅምት ጀምሮ በደብረ ብርሃን ዙሪያ የሚወርደው ውርጭ ዘግይቶ የተዘራውን ገና ሳይሞላ ያገኘዋል፤ ፍሬው ይጨማደዳል፣ በወንፊት ይወድቃል። አውድማ ላይ ከነባሩ ገብስ ጋር ይደባለቃል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ዋጋው ነው፦ ውሉ በሰኔ በተወሰነ ዋጋ ይፈረምና በጥር ገበያው ከዚያ በላይ ይወጣል፤ ገበሬው ለነጋዴ ይሸጣል፣ ፋብሪካው «ከዳን» ይላል። ዋጋው ሲወርድ ደግሞ ፋብሪካው ጥራት አልሞላም ብሎ ይመልሳል፤ ገበሬው «የእኛ ያልነው ፋብሪካ» ብሎ ያዝናል።

መፍትሔው ስብከት አይደለም። ውሉ የመነሻ ዋጋ (ወለል) ይኑረው፤ ከዚያ በላይ በርክክብ ሳምንት የደብረ ብርሃን ገበያ አማካይ ላይ የተወሰነ መቶኛ ጭማሪ ይከፈል። ናሙናው በሁለት ታሽጎ አንዱ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ይቀመጥ፤ ጭቅጭቅ ሲነሣ ሦስተኛ ወገን ይመርምረው። ፕሮቲኑ 12 በመቶ ሆኖ የተገኘ ጭነት በሙሉ ከመመለስ ይልቅ በደረጃ በተቀነሰ ዋጋ ይወሰድ። ዘሩ በየሦስት ዓመቱ ይታደስ።

ቡርትማልት የተባለው የቤልጅየም ብቅል አምራች በደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካ መትከሉ ለዚህ ሁሉ ትልቅ ለውጥ ነው፤ የዞኑ ገብስ እስከ አሰላ ወይም ጎንደር ሳይጓዝ እዚሁ ብቅል መሆን ችሏል። የአካባቢውን ገበሬ ተስፋ በተግባር ሊፈታ የሚችለውም የውጭ ድርጅት ሆኖ ተገኘ፤ ይህን የወገን ስሜት ያለው ሰው ሁሉ ረጋ ብሎ ሊያስብበት ይገባል።

በር ላይ

አገር፣ ክልል፣ አካባቢ፦ ሦስቱም «ፋብሪካው የእኛ ነው» ይላሉ፤ የሚጠይቁት ግን የተለያየ ነው። አገር የውጭ ምንዛሪ እንዲድን ይጠይቃል፣ ክልል ግብርና ሹመት፣ አካባቢው ሥራ፣ ካሳና ውኃ።

ካሳው ሲሰላ እንዲህ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 በቋሚነት የተነሣ ገበሬ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። በግማሽ ሄክታር 10 ኩንታል ገብስ በ700 ብር፣ ገለባውን በ1,000 ብር ብናስበው ዓመታዊ ገቢው 8,000 ብር፣ ካሳው 80,000 ብር ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን ወደ 15 እጥፍ አሳድጎ ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ከተገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ እንዲሰላ አደረገ። በአሮጌው አዋጅ የተነሣና በአዲሱ የተነሣ ጎረቤታሞች በዚህ ልዩነት ይተያያሉ። ገበሬው ያንን 80,000 ብር ሲቀበል አብሮ የተነገረው «ልጆችህ ይቀጠራሉ» የሚል የቃል ተስፋ ነው። ቢራ ፋብሪካ ደግሞ በቅርጹ ብዙ ሰው የሚቀጥር አይደለም፤ የመሙያ መስመሩ በሰዓት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጠርሙስ ሲሞላ የሚቆጣጠሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው። የሚቀረው ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ጭነት ነው። ስለዚህ ግፊቱ ሁሉ በጫኝና አውራጅ ማኅበራት ላይ ይከማቻል፦ ማን ይጫን፣ በሳጥን ስንት፣ ፎርክሊፍት ይግባ ወይስ አይግባ። ሥራ አስኪያጁ ይህን እንደ ሥርዓት አልበኝነት ካየው ይሳሳታል፤ ያልተጻፈው ውል ክፍያ እየተጠየቀ ነው። የተነሺዎቹን ስም ዝርዝር ከቀበሌው ጋር ፈርሞ፣ በቤተሰብ አንድ ቦታ ከሥልጠና ጋር በጽሑፍ መያዝ ርካሹ መንገድ ነው።

ውኃውም ቁጥር አለው። በደህና የሚሠራ ጠማቂ ለአንድ ሊትር ቢራ 5 ሊትር ያህል ውኃ ይፈጃል። 300,000 ሄክቶሊትር በዓመት 150,000 ሜትር ኩብ፣ 2 ሚሊዮኑ ደግሞ 1 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይጠጣል። ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የራሱ ጉድጓድ ያለው ፋብሪካ ምንም ያህል አገራዊ ስም ቢኖረው ባዕድ ነው። የጉድጓዱን የውኃ ከፍታ በየወሩ ለክቶ ለከተማው ውኃና ፍሳሽ አገልግሎት መስጠት፣ የታከመው ፍሳሽ በሬሳ ወንዝ ከመግባቱ በፊት የኦክስጅን ፍላጎቱን (የብክለቱን መጠን የሚያሳየውን ልኬት) ለክቶ ማሳወቅ፣ እነዚህ ብዙ ወጪ የላቸውም።

በባለሙያ ረገድ አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር እናንሣ። በደብረ ብርሃን ከፍታ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ለቢራ ምሬት የሚሰጠው ተክል፣ የሆፕሱ፣ ምሬት በዚያ ሙቀት ቀስ ብሎ ይወጣል፤ በባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ የአጠማመቅ መመሪያ እንዳለ ቢገለበጥ ቢራው ይለሰልሳል። ወይ የማፍላቱ ሰዓት ይረዝማል ወይ ሆፕሱ ይጨመራል። የውጭ ዋና ጠማቂ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ኢትዮጵያውያንን እንዲያሠለጥንና እንዲተካ ነው፤ የምትክ ዕቅዱ በስምና በዓመት ካልተጻፈ ፈቃዱ ሲታደስ ይኖራል።

በደንቡ ውስጥ የሚጻፈው

አሁን በሰሜን ሸዋ ተመሳሳይ ማኅበር የሚያቋቁሙ ሰዎች የሚሠሩት በአዲስ ሕግ ነው፦ የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 እና የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013። አክሲዮን ለሕዝብ ከመሸጡ በፊት መግለጫው በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን መታየት አለበት። ይህ ጥበቃ ነው፤ ግን ሐቀኛ መግለጫን ያስገድዳል እንጂ ጥሩ ደንብ አይጽፍም። ደንቡን የሚጽፉት አደራጆቹ ናቸው።

የድርጅቱን ስም፣ የንግድ ምልክቱን መሸጥ፣ ፋብሪካውን ማዛወር፣ ከአብላጫው ባለድርሻ ጋር የሚደረግ ማንኛውም የአገልግሎት ውል፦ እነዚህ የአገር ውስጥ ባለአክሲዮኖች ድምፅ ለብቻው ተቆጥሮ ከግማሽ በላይ ካላገኙ እንዳይጸድቁ ማድረግ ይቻላል። ለዚህ አክሲዮኖቹን ከመጀመሪያው በመደብ መለየት ያስፈልጋል፤ የውጭው ሸሪክ ከገባ በኋላ መደብ ልፍጠር ማለት እሱን ማስፈቀድ ነው። ዋና ገንዘብ ሲያድግ አነስተኛ ባለአክሲዮን በሦስት ጊዜ ክፍያ እንዲገዛና የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የትርፍ ድርሻው ለዚሁ እንዲውል መደንገግ፣ ያልተነሣው አክሲዮን መጀመሪያ ለሌሎች የአገር ውስጥ ባለአክሲዮኖች፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ለውጭው እንዲቀርብ ማድረግ፤ ከላይ ያሳየነውን የ57 በመቶ ስሌት የሚያዘገየው ይህ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ምልዓተ ጉባኤ ነው። በ1952ቱ ሕግ ለድንገተኛ ጉባኤ በመጀመሪያው ጥሪ የዋናው ገንዘብ ግማሽ፣ በሁለተኛው አንድ ሦስተኛ፣ በሦስተኛው አንድ አሥረኛ መገኘት ይበቃ ነበር። 8,000 ሰው ተበታትኖ በሚኖርበት ማኅበር፣ ጉባኤው አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ ሲጠራ፣ የደብረ ብርሃን፣ የሸዋ ሮቢት፣ የመሐል ሜዳና የዓለም ከተማ ባለአክሲዮን ለመሳፈሪያና ለአዳር ከፍሎ አይመጣም። ስብሰባው ይበተናል፣ ዳግም ይጠራል፤ በሦስተኛው አንድ ትልቅ ባለድርሻ ብቻውን ምልዓተ ጉባኤ ይሆናል። ይህን ለመከላከል በየከተማው አንድ ተወካይ ተመርጦ ውክልናው የመጀመሪያው ጥሪ ከመድረሱ በፊት ተሰብስቦ መጠናቀቅ አለበት፤ ቅጹ የአጀንዳውን ቁጥርና «እደግፋለሁ / እቃወማለሁ» የሚል ሣጥን ይኑረው፣ ተወካዩ የቦርድ አባል ወይም የድርጅቱ ሠራተኛ አይሁን፣ የጉባኤው ቃለ ጉባኤም በወሩ ውስጥ በየከተማው ቅጂው ይድረስ።